የኦቦ ደበላ ስፓኒሽ

ጡረታ ስወጣ የአበባ እርሻው ሠራተኞች ኬክ አስቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ንግግር ያደረገው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በደንብ አያውቀኝም። "እናታችን ለረጅም ዓመታት በአስተርጓሚነት ያገለገሉ..." አለና ትንሽ አሰብ አድርጎ "በፈረንሳይኛ አስተርጓሚነት" ብሎ ጨረሰው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ውስጤ ግን ጨሷል። ስፓኒሽ ነው፣ የኔ ወንድም! ዕድሜዬን የጨረስኩት በስፓኒሽ ነው።

ቤት ገብቼ ጋቢውን አጣጥፌ ካስቀመጥኩ በኋላ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። እውነትም ሰበታና ቡራዩ ላይ ተቀምጦ ስፓኒሽ ስፓኒሽ ሲሉ መኖር ለሰው ግራ ነው። አብራኝ የምትኖረው እህቴ አበበች እንኳን፣ የጡረታዬን መጠን የሰማች ዕለት "ለዚህ ነው ባሕር ተሻግረሽ የተማርሽው?" ብላኛለች። መልስ አልሰጠኋትም። አበበች መልስ ከሰጧት አትተኛም።

መልሴ አንድ ተማሪ ነው። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው አስተምሬአለሁ፣ ለብዙ ሰው አስተርጉሜአለሁ፤ ሁሉንም ረስቼ አንድ ብቻ አስታውሺ ብባል የማስታውሰው የመናገሻውን ኦቦ ደበላን ነው። እሳቸው ጋ ለመድረስ ግን በኩባ በኩል መዞር አለብኝና ትንሽ ታገሡኝ።

የተወለድኩት ተጂ ነው። አባቴ ጤፍና ሽምብራ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛውና አማርኛው ሳናስበው ይቀያየሩ ነበር፤ ላሟን በኦሮምኛ እናባብላለን፣ ጎረቤትን በአማርኛ እናማለን። በደርግ ጊዜ አባቴ ወደ ምሥራቅ ዘምቶ አልተመለሰም። ቆይቶ የዘማች ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ሲላኩ እኔም ገና ጡት ሳላወጣ አብሬ ተላክሁ። የሄድኩ ዕለት እናቴ አውቶቡሱን በእጇ እንደያዘች ከጎኑ ስትሮጥ፣ ነጠላዋ ሲወድቅ፣ አንስታው ደግሞ ስትሮጥ አይቻታለሁ። ባሕር ማዶ ሆኜ በናፈቀችኝ ቁጥር የማያት እንደዚያ ስትሮጥ ነበር። በዚያ እጽናና ነበር።

ኩባ ትምህርት ቤታችን ደሴት ላይ ነበር። ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ብርቱካን እንለቅማለን። ስፓኒሽ ያስተማረችን ማኤስትራ ኖርማ የምትባል ሴት ናት፤ ማኤስትራ ማለት መምህርት ማለት ነው። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ ጠመኔዋን እንደ አናጢ እርሳስ ጆሮዋ ላይ የምትሰካ ሴት ነበረች። ረጋ ብላ ስትራመድ እንኳ ተረከዟ ሲሚንቶውን ያንኳኳል።

ኖርማ ግሥ ሰሌዳ ላይ አትጽፍም ነበር። በተለይ ሥርዓት የሌለውን ግሥ። ስፓኒሽ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው አንድ አስቸጋሪ ግሥ አለ፤ "ኢር" ይባላል፣ መሄድ ማለት ነው። "እሄዳለሁ" ሲሉ ግን "ቦይ" ይሆናል። "ትሄዳለህ" "ባስ"፣ "ይሄዳል" "ባ"፣ "እንሂድ" "ባሞስ"። "ሄድኩ" ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ሆኖ "ፉዊ" ብሎ ቁጭ ይላል። የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብሎ የሚጠረጥር የለም። ሌሎች አስተማሪዎች ይህን በሰንጠረዥ አስደርድረው ያስጮሃሉ። ኖርማ ግን ወደ ውጭ ታወጣናለች። የሚሄደው ልጅ እየሄደ "ቦይ" ይላል። ቆመን የምናየው "ባ" እንላለን። ወደ ብርቱካኑ ተግተልትለን ስንሄድ "ባሞስ"። ማታ ላባችንን ጠርገን ስንመለስ በራፉ ላይ ቆማ "የት ነበርሽ?" ትላለች፤ "ፉዊ..." ብለን የሄድንበትን እንናገራለን። ግሡን እግራችን ነው የተማረው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሌላ ልማድ ነበራት። ተማሪ ቃል ሲጠፋው አትነግረውም። ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ትጠብቃለች። ደወል ይደወላል፣ እሷ ትጠብቃለች። አንድ ቀን አንድ የጎንደር ልጅ "ሄድን" የሚለው ጠፍቶበት ክፍሉ በሙሉ ምሳ አለፈው። እኛ በዓይናችን ልንበላው ደረስን፤ እሷ እጇን ወደ ኋላ እንዳደረገች ፈገግ ብላ ቆማለች። በመጨረሻ ልጁ "ፉዊሞስ!" ብሎ ሲጮህ ቀዝቃዛ ሩዝ ልንበላ እየዘለልን ሄድን። ያን ጊዜ ጨካኝ ትመስለኝ ነበር። በሌላ ሰው ፈንታ አለመናገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ራሴ አስተርጓሚ ስሆን ነው።

አገሬ ስመለስ መጀመሪያ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የማሽን መመሪያ እተረጉም ነበር። አለቃዬ ስለ ቋንቋው ምንም አያውቁም፣ ግን "ይህ ዓረፍተ ነገር አጠረብኝ፣ አስረዝሚው" ይሉኝ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ። ከዚያ ሱሉልታ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ። የሱሉልታ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ጠዋት ልጆቹ ፀሐይ ላይ ተጣብቀው ክፍል አልገባ ሲሉኝ "ባሞስ! ባሞስ!" እያልኩ እነዳቸው ነበር፤ ኋላ ኋላ እነሱም በጎቻቸውን እንደዚያው ሲሉ ሰማሁ።

ሰበታ አካባቢ የአበባ እርሻ ሲከፈት ስፓኒሽ የሚችል ሰው ተፈለገ። የጽጌረዳ ባለሙያው ዶን ራሚሮ የኢኳዶር ሰው ናቸው፤ ከስፓኒሽ በቀር በምንም አይናገሩም። መልካም ሰው ናቸው፣ ግን ቀኑን ሙሉ "ባሞስ!" እያሉ ይጮሃሉ። ሠራተኞቹ "ኦቦ ባሞስ" አሏቸው፤ ዶን ራሚሮም "ኦቦ" እንደ "አቶ" ያለ ማዕረግ መሆኑን ስነግራቸው ደስ አላቸው። እዚያ ነው አስተርጓሚነትን በቅጡ የተማርኩት። ዶን ራሚሮ የፈነዳች ጽጌረዳ ሲያዩ "ሄደች" ይላሉ በቋንቋቸው። እኔ ለቆራጮቹ "አልፎባታል" እላለሁ። ሲቆጡ ቁጣውን ትቼ ጉዳዩን አስተላልፋለሁ። ሠራተኛው ሲያጉረመርም ማጉረምረሙን ትቼ ጥያቄውን አስተላልፋለሁ። ሁለቱም ወገን "አንቺ ስትናገሪ ነገር ይለሰልሳል" ይሉኝ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ኑሮዬ ቡራዩ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ባለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ አስተረጉም ነበር። ያን ጊዜ ከስፔን ልጅ ሊያሳድጉ የሚመጡ ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ። ሥራው ልብ ይነካል። አንዷ እናት በደስታ ታለቅሳለች፣ ሌላዋ እናት በሐዘን ታለቅሳለች፤ እኔ መሐል ቆሜ ለሁለቱም እናገራለሁ።

ከነዚህ ቤተሰቦች አንዷ ፒላር የምትባል ሴት ስልኬን ይዛ ኖሯል። ሌሊሳ የሚባል የመናገሻ ልጅ ነበር የወሰደችው፤ ሲሄድ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደወለችልኝ። ልጁ አድጓል፣ ቁመቱ ከእሷ በልጧል፣ ስለ አባቱ መጠየቅ ጀምሯል። "አባቱን ታገኚልን ይሆን?" አለችኝ። መናገሻ ሄጄ ሁለት ሰው ጠይቄ አገኘኋቸው። ኦቦ ደበላ ቦቲ ጫማቸውን እንዳደረጉ የገብስ ማሳቸው ጫፍ ላይ ቦይ እየቆፈሩ ነበር። የልጁን ስም ስጠራ ዶማውን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስታቸው ሌሊሳን ወልደው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። እሳቸውም ሳምባቸውን ታመው፣ ሐኪሙም እሳቸውም እንደማይተርፉ ሲያምኑ ልጁን አሳልፈው ሰጡ። ከዚያ እግዚአብሔር ሲያድን አዳናቸው። ሲድኑ ልጁ ሄዷል። "ተርፌ አዘንኩ ብል ይፈረድብኛል ወይ?" አሉኝ። እኔ ምን ብዬ እፈርዳለሁ።

የመጀመሪያውን ጊዜ ያወሩት እኔ ቤት፣ በእኔ ስልክ፣ በቪዲዮ ነው። ኦቦ ደበላ ንጹህ ኮት ለብሰው፣ ፂማቸውን ተላጭተው መጡ። ልጁ ብቅ ሲል እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ። ሌሊሳ ሰላምታ እንኳን ሳይጨርስ ጠየቀ፤ ጥያቄውን ለዓመታት ይዞት እንደኖረ ያስታውቃል። "የሄድኩ ቀን ለምን አልመጣም?"

አስተረጎምኩ። ኦቦ ደበላ በኦሮምኛ ጀመሩ፤ አቋረጡ፤ በአማርኛ ጀመሩ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። መምጣታቸውን፣ በረራው በአንድ ቀን መቅደሙን ማንም ሊነግራቸው እንዳልቻለ፣ የማሳደጊያው በር ላይ ሲደርሱ መኪናው ሄዶ እንደነበር፣ ዘበኛው ሂዱ እስኪላቸው እዚያው ድንጋይ ላይ መቀመጣቸውን ነገሩኝ። እኔ ባለሙያዋ ያን ሁሉ ሰብስቤ፣ አለስልሼ፣ እንደ ለመድኩት አሳምሬ በስፓኒሽ አቀረብኩት። ልጁ እኔን እያየ ሰማኝ። "እሺ" አለኝ። "አመሰግናለሁ በይልኝ" አለኝ። ከዚያ ፒላር ተሰናበተችን፣ ስክሪኑ ጠፋ። ልጁ አንድ ጊዜ እንኳን አባቱን ትክ ብሎ አላየም። የሚያየው የሚናገረውን ሰው ነው፤ የምትናገረው እኔ ነበርኩ።

ኦቦ ደበላ ኮታቸውን እየቆለፉ ተነሡ። "ጥሩ ተጫወታችሁ" አሉኝ።

ተቆጥተው አይደለም ያሉት፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሙያዬ እንደዚያን ቀን የወደቅኩበት ቀን የለም፤ አንድም ቃል ሳልሳሳት።

በሳምንቱ ከገበያ ሲመለሱ ቤቴ መጡ። አልቀመጥም አሉ።

"ቲቸር፣ ያን ነገር በራሴ አፍ ነው የምነግረው።"

"ስፓኒሽ ሊማሩ ነው?"

"ሁሉን አይደለም። እኔ ምን ያደርግልኛል ሁሉ? 'መጥቼ ነበር' የሚለውን። እሱን ብቻ።"

"እሱ በስፓኒሽ 'ሄድኩ' ነው የሚባለው፤ አንድ ግሥ ነው፣ ኦቦ ደበላ። ግን ጠማማ ግሥ ነው፤ ራሱን አይመስልም።"

"እኔስ ራሴን እመስላለሁ?" ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው የመጀመሪያው ነበር።

ቤት ውስጥ ማስተማሩ አልሆነም። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ፈተና የመጣ ይመስላቸዋል፣ ያልባቸዋል። ስለዚህ እንደ ኖርማ ወደ ውጭ ወጣን። ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ወደ መናገሻ ሲመለሱ እስከ ገፈርሳ ግድብ እሸኛቸዋለሁ፤ ባሕር ዛፉ ሥር ለሥር ውሃውን እያየን እንሄዳለን።

"ቦይ" እላለሁ እየተራመድኩ።

"ቦይማ የኔ ሥራ ነው። ስቆፍር ነው የምውለው።"

"ይሄኛው እሄዳለሁ ማለት ነው።"

"ውሃውም እኮ ይሄዳል" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ረስተውት አያውቁም።

"ቦይ" ገባቸው። "ባ" ገባቸው፤ ከፊታችን የምትሄድ አህያ ባዩ ቁጥር "ባ!" ይላሉ። "ባስ" ሲሉ "አንተ ትሄዳለህ" መሆኑን ለማሳየት በጣታቸው መንገደኛ ይጠቁሙ ነበር፤ አንዱ ተቆጥቶ "ምን አደረግሁ?" ብሎ ሊጣላን ነበር። "ልጄን ላይ እሄዳለሁ" የሚለውን ሙሉውን ወደዱት፤ "ቦይ አ ቤር አ ሚ ኢሆ"። እንደ ጸሎት እየደጋገሙ ይሄዳሉ።

"ፉዊ" ላይ ስንደርስ ግን ይቆማሉ። በእግራቸው ነው የምላችሁ። "ፉዊ" ባሉ ቁጥር እርምጃቸው ይቆማል።

"እየሄዱ ይበሉት እንጂ" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ይሄኛው ቆሞ ነው የሚባለው" አሉኝ።

እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ ጠበቅኋቸው። ውሃው ላይ ወፎች ነበሩ። ቆይተው መራመድ ጀመሩ።

ከዚያ ማስተር ፕላኑ ያመጣው ግርግር ጀመረ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያሉ ከተሞች በአንድ ፕላን ሊያዙ ነው ሲባል ገበሬው መሬቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ሰጋ። ኦቦ ደበላም ገብሳቸውን ሲያዩ ዓይናቸው እንደ በፊቱ አልነበረም። ተማሪዎች ወጡ። መንገድ ተዘጋ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ሰው ሞተ። ከቡራዩ ወጣት የቀበርንባቸው ቀኖች ነበሩ። የአበባ እርሻውም ለጊዜው ተዘጋ። በኢንተርኔት የለመድነው ሁሉ ተቋርጦ ስልኩ ብቻ አንዳንዴ ይሠራል።

ፒላር ቲኬት የቆረጠችው ይህ ሁሉ ሳይመጣ ነው። ከልጁ ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ቅዳሜ መናገሻ ሊሄዱ፣ እሑድ ማታ ወደ ስፔን ሊመለሱ ነበር የታሰበው። ዓርብ ዕለት ደወለችልኝ። ከከተማ እንዳትወጡ ተብለዋል። ልጁ ሆቴል ውስጥ ዝም ብሎ ተኝቷል።

ለኦቦ ደበላ ደወልኩ። "መምጣት አልቻሉም። መንገድም የለም" አልኳቸው።

"መንገድማ አለ" አሉ። "መኪና ነው የሌለው።"

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከመናገሻ በእግራቸው መጥተዋል። ቦቲያቸው በጤዛ ርሷል፤ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ በእጃቸው አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር ይዘዋል። ይህን የእኛ አካባቢ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በኦሮሞ ልማድ እርጥብ ሣር ይዞ የመጣ ሰው ለሰላም፣ ለልመና ነው የመጣው፤ አይነካም።

አበበች ከኋላዬ ሆና "የት ልትሄጂ ነው? በዚህ ቀን! አንቺን ምን አገባሽ?" አለች። ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። እውነትም ፈርቻለሁ። ግን እኝህን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የተዘጋ በር ላይ እንዲቀመጡ መተው አልቻልኩም።

ዋናው መንገድ ጭር ብሏል። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። እሳቸው በግራዬ፣ በትንሽ ድምፅ "ቦይ አ ቤር አ ሚ ኢሆ" እያሉ ይራመዳሉ። መንገዱን የዘጋ የድንጋይ አጥር ጋ ስንደርስ ወጣቶች ከበቡን። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ያልተኙ ናቸው።

"ኤሳ ዴምቱ?" አለ አንዱ። ወዴት ነው የምትሄዱት?

ኦቦ ደበላ ሣሩን ከፍ አድርገው በኦሮምኛ ነገሯቸው። ነጭ አገር ያደገ ልጅ እንዳላቸው፣ ነገ እንደሚሄድ፣ ቋንቋቸውን እንደማያውቅ። ወጣቱ ሣሩን አየ፣ ቦቲያቸውን አየ። ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ "አባ፣ ነጋን ደቃ" አለ። በሰላም ይሂዱ። መረቁትና አለፍን። ከእነዚያ ልጆች ማን ወደ ቤቱ እንደተመለሰ አላውቅም፤ ዛሬም አስባቸዋለሁ።

ከተማው መግቢያ ላይ ደግሞ ፖሊሶች ቆመዋል። ያን ጊዜ ነው ሣሩ ትዝ ያለኝ። ወዲያ ማዶ በር የከፈተልን ሣር ወዲህ የተቃውሞ ምልክት ነው ሊባል ይችላል።

"ኦቦ ደበላ፣ ሣሩን ይጣሉት" አልኩ በሹክሹክታ።

"በሰላም የያዝኩትን ነው የምጥለው?" አሉ፤ አልጣሉም።

አንድ ጎልማሳ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አቆመን። ደክሞታል፣ ተጠራጥሯል። "ወዴት ነው የሚሄዱት አባቴ?"

ኦቦ ደበላ አፋቸውን ከፈቱ። በኦሮምኛ መናገሩን ፈሩ፣ አማርኛቸው ከፍርሃት የተነሣ ጠፋ። እስከዚያ ድረስ መንገዱን ሙሉ ሲሉት የመጡት ብቻ አፋቸው ላይ ቀርቶ ነበር።

"ቦይ አ ቤር አ ሚ ኢሆ" አሉት።

ፖሊሱ ዞር ብሎ አየኝ። "ምን ቋንቋ ነው ይሄ?"

"ስፓኒሽ" አልኩ።

"ስፓኒሽ?" ቦቲያቸውን አየ። "ገበሬ አይደሉም እንዴ?"

"ገበሬ ናቸው። ልጄን ላይ እሄዳለሁ ነው ያሉት። ልጃቸው ሌላ ቋንቋ አያውቅም።"

ፖሊሱ ኦቦ ደበላን ትክ ብሎ አያቸው። "እስኪ ይድገሙልኝ" አለ። ደገሙለት፤ አሁን ትንሽ ደፈር ብለው። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሲላላ አየሁ። "ልጅ እኔም አለኝ" አለ። "ሦስት ወር ሆነኝ ካየሁት። እለፉ፤ ሣሩን ግን እዚሁ ይተዉት።"

ኦቦ ደበላ መሬት ላይ አልጣሉትም። በሁለት እጃቸው አድርገው ለፖሊሱ ሰጡት፤ እሱም ሳያስብ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ትንሽ ሄደን ዞር ብል መሣሪያውን ትከሻው ላይ አንግቶ ሣሩን እንደያዘ ቆሟል።

አስኮ ታክሲ አገኘን። ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ ኦቦ ደበላ ቦቲያቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ሌሊሳ ፎቁን ወርዶ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው የማያውቅ ልጅ ነው። ፒላር ከኋላው ናት። አባትና ልጅ ቆመው ተያዩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ልጁ እንደ በፊቱ ወደ እኔ ዞረ፤ እንድናገር ይጠብቃል።

ምላሴ ላይ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቶ፣ ለስልሶ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ አንዱን በሌላው ጨበጥኩ። ሰውነቴ እስኪሞቅ ድረስ ጨበጥኩ። ልጁ ከእኔ ምንም ሲያጣ ቀስ ብሎ ወደ አባቱ ዞረ።

ኦቦ ደበላ ሁሉም ጠፍቶባቸዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። የሆቴሉ እንግዶች ሻንጣ እየጎተቱ በአጠገባችን ያልፋሉ።

"ፉዊ" አሉ በመጨረሻ።

ልጁ ጎንበስ አለላቸው።

"ፉዊ" አሉ ደግመው፣ ደረታቸውን እየነኩ። "ኤል ካሮ..." መኪናው። እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው፣ ባዶ መዳፋቸውን ገለበጡ። "ኖ ኤስታባ።" አልነበረም። ከዚያ ያስተማርኳቸው አለቀ። እንባቸው ወረደ፤ ግን ዓይናቸውን ከልጁ አላነሡም። "ፉዊ፣ ሌሊሳ። ፉዊ።"

በቪዲዮ የነገርኩት ይህንኑ ነበር። ያን ጊዜ "እሺ" ብሎ ነበር የሰማኝ። አሁን ግን ትከሻው ተናወጠ፤ ሄዶ አባቱ አንገት ሥር ፊቱን ቀበረ። ኦቦ ደበላ ጭንቅላቱን ይዘው በኦሮምኛ ብዙ አወሩት። አንዱንም አልተረጎምኩም፣ የጠየቀኝም የለም። ፒላርና እኔ ጎን ለጎን ቆመን እንደ ሕፃን አለቀስን።

ያን ቀን አብረው ዋሉ። እኔ ስጠራ ብቻ እየሄድኩ አስተረጎምኩ፤ ብዙም አልተጠራሁም። ማታ እኔና ኦቦ ደበላ አስኮ ዘመድ ቤት አደርን። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳቸው መኪና እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ጠዋት ስነሣ ኦቦ ደበላ የሉም። ሆቴሉ በር ላይ አገኘኋቸው፤ ከዘበኛው ጋር እየተጫወቱ ቆመዋል።

"ገና እኮ ነው" አልኳቸው።

"ገና ይሁን" አሉ።

እንግባ ብንላቸው፣ ምሳ ብንላቸው ከበሩ አልራቅም አሉ። ሌሊሳ ራሱ ምሳውን ይዞላቸው ወጣ፤ የጥበቃው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አብረው በሉ።

መኪናው መጣ። ልጁ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ አባቱ ኮታቸውን ቆልፈው በሩ አጠገብ ቆመው ሲያያቸው ደነገጠ። የሚሄዱ መሰለው።

"ቴ ባስ?" አላቸው። ልትሄድ ነው?

ኦቦ ደበላ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ኖ ሜ ቦይ" አሉ፤ እኔ አልሄድም። ከዚያ በጣታቸው ደረቱን ነካ አድርገው "ቴ ባስ ቱ" አሉት፤ የምትሄደው አንተ ነህ። ይህን እኔ አላስተማርኳቸውም። ከየት አምጥተው እንደገጣጠሙት እግዚአብሔር ይወቅ።

ሻንጣውን ከእጁ ተቀብለው ራሳቸው ጫኑለት። ግንባሩን ሳሙት። በሩን በገዛ እጃቸው ዘጉለት፤ አልጠበቀ እንደሆነ ብለው ከፍተው ደግመው ዘጉት። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጥቂት አብረው ሄዱና ቆሙ። ልጁ በኋላ መስኮት ዞሮ እያያቸው ነበር። መኪናው ጥጉን እስኪታጠፍ እጃቸውን አላወረዱም፤ ከታጠፈም በኋላ አላወረዱም።

"ሄደ" አሉኝ።

"አዎ፣ ሄደ" አልኳቸው።

ዞረው ሲያዩኝ ፊታቸው በእንባ ርሶ በደስታ በርቷል። "ሲሄድ አየሁት እኮ!" አሉኝ።